ሲፈን ብቻዋን ወደ ደራ የሄደች ቀን

ይድረስ ለገሜዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። አዳማ አቧራዋን ጨርሳ ጭቃዋን ልትጀምር ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ተጨማዷል። እኔ ደግሞ ከወንበር ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ወንበር እላለሁ። መቀመጥ አቅቶኛል። ዛሬ ጠዋት ልጅህን ብቻዋን የደራ መኪና ላይ ጫንኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ የጫንኳት። በር ቆልፋ ደረጃ ከወረደች በኋላ ተመልሳ መቆለፉን የምትፈትሸው ሚስትህ።

ብዕር የያዝኩት እጄ ስልክ እንዳያነሳ ነው። አንዴ ደውያለሁ፤ መኪናው ገና ከከተማ ሳይወጣ። አነሳችና አሁን እኮ ነው የተለያየነው ብላ ዘጋችብኝ። ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ፤ አንተ አትዘጋብኝም።

ስለ ቤት ልንገርህ። እዚያው ኮንዶሚኒየም፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነን። በረንዳው ላይ ግን ብረት አስበይጃለሁ። መስኮቶቹም ላይ። በያጁ ሌባ እዚህ ድረስ አይወጣም እኮ ብሎ ሊመክረኝ ሞክሮ ነበር። ለሌባ አይደለም አልኩት። ለማን ነው ቢለኝ ሂሳቡን ከፍዬ ሸኘሁት። ሲፈን ብረቱን ካየች ጀምሮ ቤታችንን የዶሮ ቤት ትለዋለች። ትምህርት ቤት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ በሰርቪስ ትመለሳለች፤ ሰርቪሱ ከሚያወርዳት ቦታ እስከ ደረጃችን ያለችውን አጭር መንገድ ደግሞ እኔ ወርጄ እጇን ይዤ አመጣታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤ ትከሻዬ ጋ ደርሳለች። እጇን ስይዘው የሚያያት ልጅ እንዳይኖር ግራና ቀኝ ትቃኛለች። ይገባኛል፤ ግን አለቀውም።

የምሠራበትን መዋዕለ ሕፃናትም ብታየው አታውቀውም። ዥዋዥዌውን ነቀልነው። አንድ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ አባትየው መጥቶ ግቢውን በአንድ እግሩ አቆመው። ሸርተቴውም ተከተለ። አሁን ግቢው የፕላስቲክ ሣር ተነጥፎበታል፤ ልጆቹ እዚያ ላይ በሰልፍ ይሮጣሉ። አዎ፣ በሰልፍ። ቀስ በሉ፣ ውረድ፣ ተዪው፣ አትንኪው ስል ውዬ ማታ ድምፄ ይዘጋል፤ የተረፈችውን ድምፅ ደግሞ ቤት ገብቼ ሲፈን ላይ እጨርሳታለሁ።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ማን ናት ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። የገንደ ሀራ ሰፈሯ ትዕግስት ናት። አንተና እኔ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ ያደግነው። ጠዋት ቁርስ ቀምሰን የወጣን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር ስማችን የሚጠራው፤ በመሃል የት እንደዋልን፣ የማን ቤት ምሳ እንደበላን የሚጠይቅ አልነበረም። ምሳ የደረስንበት ቤት ነዋ። ፍሬን የሌለው ሳይክል ተከራይተን፣ አንዱ እየነዳ አንዱ ከኋላ እየተጫነ፣ ለማቆም ሲፈለግ ጫማን አስፋልት ላይ መጎተት ነበር። እናቴ ጫማዬ ከፊቱ ሳይሆን ከተረከዙ ለምን እንደሚያልቅ ሳይገባት ሞተች።

ጋሪ ከኋላ መንጠልጠል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ባለጋሪው ሳያይህ ሮጠህ ከኋላው ጣውላ ላይ ትንጠለጠላለህ፣ እግርህን ታጥፋለህ፣ በነፃ ትሄዳለህ። መንገድ ላይ ያየህ ልጅ ግን ቀንቶ ይጮህብሃል፤ ከኋላህ ሰው አለ ብሎ ለባለጋሪው ያሳብቃል። ባለጋሪውም ዞሮ ሳያይ አለንጋውን ወደ ኋላ ይሰነዝረዋል። አንድ ቀን አንተው ራስህ ቀድመህ ወረድክና እኔ ላይ ጮህክብኝ። አለንጋው የጆሮዬን ጫፍ ነጨኝ። ከተጋባን በኋላም ጠባሳዋን እየነካህ ትስቅ ነበር፤ እኔ እየተናደድኩ፣ አንተ እየሳቅክ። ትናንት ፀጉሬን ስሠራ በመስታወት አየኋትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በበጋ አቧራው ተጠምዝዞ ወደ ሰማይ ሲነሳ ትዝ ይልሃል? ትልልቆቹ መሃሉ ላይ ሰይጣን አለ ብለው እያማተቡ ወደ ቤት ሲገቡ እኛ ወደ መሃሉ እንሮጥ ነበር። ዓይናችንን ጨፍነን፣ አፋችንን ገጥመን፣ ሰይጣኑን ልንነካው። ስንወጣ ከጥርሳችን በቀር ነጭ ነገር አልነበረንም። ለአፋችን እንኳን ውኃ ሳንፈልግ ወደ ቀጣዩ እንሮጣለን።

ቆይ፣ በረንዳ ወጥቼ መጣሁ። ምን ልታይ እንደወጣሁ አላውቅም። የደራ መንገድ ከዚህ አይታይም።

ለሲፈን ይህን ሁሉ የነገርካት አንተ ነህ፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው። ተረት አድርገህ አሳደግካት። በሽንኩርት መኪና ላይ ተጭነን ሶደሬ የሄድንበትን ቀን ስንት ጊዜ ነገርካት? እሷም በቃሏ ይዛዋለች። ሹፌሩ ሲፈተሽ ከረጢት ለብሰን እንደተኛን፣ ሽንኩርቱ ዓይናችንን እንዳስለቀሰን፣ ሶደሬ ስንደርስ ጦጣው ዳቦህን ነጥቆህ ዛፍ ላይ እንደወጣ። ሁልጊዜ እዚያ ጦጣው ላይ ታቆማለህ። እሷ ትስቃለች፣ አንተ ትስቃለህ፣ እኔ ተነስቼ ሳህን አጥባለሁ።

ሙሉቀንን ዘለልከዋ ገሜ። አብሮን ሄዶ አብሮን አልተመለሰም። ሁላችንም ከመዋኛው ገንዳ ተባርረን ነበር፤ እሱ ብቻ አዋሽም ውኃ ነው ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። አዋሽ ወሰደው። በበነጋው ከታች ነው የተገኘው። የእናቱን፣ የእትዬ አስካለን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። እናቶቻችን ከዚያ በኋላ በየቤታችን ዘጉብን፤ ግቢው ሰው የሌለበት መሰለ። ኋላ እትዬ አስካለ ራሳቸው ጥቁራቸውን እንደለበሱ በየበራችን ዞረው፣ ልጆቹን ልቀቋቸው፣ ይህን ጸጥታ አልቻልኩትም ብለው ለመኑ። ወጣን። መጀመሪያ በቀስታ ተጫወትን፣ ቆይቶ እንደ ድሯችን ሆንን። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ምን እያዩ እንደነበር የገባኝ ሲፈንን ከወለድኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ የድሮው ነፃነት ማር ነበር ስትለኝ ሁልጊዜ እልኽ ይይዘኝ ነበር። የሚያወራው የተመለሰው ነው፤ ሙሉቀን አያወራም እልሃለሁ። አንተም ብቻችንን መቼ ነበርን፣ ሰፈሩ ሁሉ ዓይኑ እኛ ላይ ነበር ትለኛለህ። እሱስ እውነትህን ነው። ስናጠፋ ያየን ትልቅ ሰው ሁሉ ይገርፈን ነበር፤ ቤት ስንገባ ደግሞ የእገሌ እናት ገረፉኝ ብሎ መክሰስ ሁለተኛ ዙር ያስከትላል። ክርክራችን መቼም አላለቀም። አንተ በመሃል ሄድክ።

ደግሞ እንዴት እንደሄድክ! ወንዝ አልወሰደህም፣ ጋሪ አልረገጠህም፣ ኤሌክትሪክ ስትጠግን ምሰሶ ላይ ስትውል አልወደቅክም። እሁድ ምሳህን በልተህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ሶፋ ላይ ኳስ እያየህ ነው። ልቡ ናት አሉ። ብረቱን ያስበየድኩት ከዚያ በኋላ ነው። አይገናኝም፣ አውቃለሁ፤ ሞት በበረንዳ ዘሎ አልገባም። ግን ሰው የሆነ ነገር መበየድ አለበት።

የደራው ጉዳይ እንዴት እንደመጣ ልንገርህ። እናትህ አዴ ጫልቱ አንተን ከቀበርን በኋላ አዳማ አልተቀመጡም፤ ደራ፣ ወንድማቸው ግቢ ገብተዋል። ሲፈን ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ሲዘጋ አኮ ጋ ልሂድ ስትለኝ ነበር፤ አያቷን በኦሮምኛው አኮ ነው የምትላቸው። አብረን እንሄዳለን ስላት ብቻዬን ትላለች። ለምን ስላት አባ ከኔ ባነሰ ዕድሜው ብቻውን ይሄድ ነበር ትላለች። በራስህ ተረት ተከራክራ ረታችኝ። እናትህም በስልክ አግዘዋት፣ አደራ ብለሽ ላኪያት እንጂ፣ እኛ እንዴት ነበር የምንልካቸው አሉኝ።

እንዴት እንደነበር አልረሳሁም። እናትህ መናኸሪያ ይዘውን ይሄዱና መኪናው ውስጥ በመስኮት እያዩ ሰው ይመርጣሉ። ብዙ የሚስቅ አይመርጡም። ጎረምሳ አይመርጡም። ሕፃን ያዘለች ወይም ዕድሜ የጠገበ ካገኙ፣ ልጆቼን ደራ አውርድልኝ፣ አደራህን ብለው ይሄዳሉ፤ ዞረው አያዩም። ያ አንዴ የሰጡን ሽማግሌ መኪናው ሳይነሳ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እኛው አንገታቸውን ደግፈን፣ መውረጃቸው ሲደርስ ቀስቅሰን፣ ዱላቸውን አቀብለን ያወረድናቸው! ደራ ስንደርስ አያትህ አዛውንቱ የት አሉ ሲሉን አድርሰናቸዋል አልክ። ይህንንም ሲፈን ታውቀዋለች።

ዛሬ እኔም እንደ እናትህ በመስኮት አየሁ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ተውኩት። ከኋላ ወንበር ላይ የሽንኩርት ነጋዴ መሳይ፣ ሻርፕ የለበሰች፣ ባዶ ከረጢቶቿን አጣጥፋ የያዘች ሴት አየሁ። ፊቷ ደክሞታል፤ ወደድኩት። ስሟን ስጠይቃት ዘይነባ አለችኝ። ልጄ ደራ አያቷ ይጠብቋታል፣ አደራሽን አልኳት። እሺ ብላ ሲፈንን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻት። ስልክ ቁጥሯን ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። አደራ ካሉ በኋላ ቁጥርሽን ስጪኝ ማለት አላምንሽም ማለት መሰለኝ፤ አፈርኩ። ታርጋ የምይዘው፣ የሰርቪሱን ሹፌር መታወቂያ ያየሁት እኔ፣ አፈርኩ ብዬህ ታምናለህ?

መኪናው ከተነሳ ቆይቷል። አሁን ደርሳ አያቷ አንገት ላይ መጠምጠም ነበረባት። እንዲያውም

አዴ ጫልቱ እየደወሉ ነው።

ገሜ፣ ከላይ ያለውን የጻፍኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ሰነበተ። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ የሆነውን ልንገርህ።

አዴ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ብለው ጀመሩና፣ ልጅቷ ተነሳች ወይ አሉኝ። ተነሳች ወይ! ደርሳ ምሳ በልታለች በምልበት ሰዓት። ጎረቤት ለቅሶ ኖሮባቸው ትንሽ ዘግይተው ነው መናኸሪያ የደረሱት፤ ልጅ የለችም። ሹፌሮቹን ጠየቁ፣ ያየ የለም። ሲፈን ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ኋላ እንደነገረችኝ መንገድ ላይ ጌም ስትጫወት ባትሪው አልቋል። የኔን ቁጥር ደግሞ በቃሏ አታውቀውም፤ እማ ተብሎ ተመዝግቧላ፣ ምን ብላ ትይዘው። እኛ የሰፈሩን ሰው ስም ከነአያቱ እናውቅ ነበር፤ የኔ ልጅ የእናቷን ቁጥር አታውቅም።

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። የቤቱን በር ሳልዘጋ ነው የሄድኩት፤ ከምድር ቤት ያለችው ጎረቤት ናት የዘጋችልኝ። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ስደርስ ቀጣዩ የደራ መኪና ገና እየሞላ ነው። ሙላ እንጂ! ለጎደለው ሁሉ እኔ ልክፈል አልኩ፤ ረዳቱ ሌላ ሰው እየመጣ ነው አለኝ። እውነትም መጣ። አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ብድግ አድርጋ አጠገቤ አስቀመጠችና፣ እህቴ፣ ደራ አጎቷ ይጠብቃታል፣ አደራሽን አለችኝ።

እኔን! ከመኪናው ሙሉ ሰው መካከል እኔን መረጠች። ልጄን ያጣሁ ሴት ነኝ፣ ለሌላ ስጪያት ልላት ነበር። አፌን ሳልከፍት በሩ ተዘጋ። ሴትየዋ ዞራ አላየችም። ልጅቷ በፌስታል ዳቦ ይዛለች፤ ትንሽ አየችኝና ክንዴ ላይ ተኝታ ቀረች። እኔ ሙሉውን መንገድ በየዳሩ ቀይ ሹራብ ስፈልግ፣ ሲፈን የለበሰችው ቀይ ነበር፣ እሷ ክንዴን በላብ አርሳ ተኛች። መኪናው ሲዘል ጭንቅላቷን ደገፍኩላት። በአእምሮዬ ልጄን እየቀበርኩ በእጄ የሰው ልጅ እደግፋለሁ።

ደራ ወረድን። እናትህ ነጠላቸውን ነክሰው ቆመዋል። የልጅቷ አጎት ደግሞ የለም። አዴ ጫልቱ ይህቺ ማን ናት አሉኝ፤ አደራ ነው አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ረዳቱ እኔ ጋ ተያት፣ አጎትየው ይመጣል አለኝ። እጄን ልስብ ስል ጣቴን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ገሜ፣ ሮጬ ሲፈንን መፈለግ ነበረብኝ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ታቃጥለኛለች። ግን ጥያት መሄድ አልቻልኩም። ስለዚህ ይዣት እሷንም እየጎተትኩ፣ ከሱቅ ሱቅ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ አይታችኋል እያልኩ ዞርኩ። ሰው የጠፋችው እጄ ላይ ያለችው መስሎት ግራ ይጋባል።

አጎትየው ጎማ ተንፍሶበት እያላበው በሞተር ሲደርስ ልጅቷን አስረከብኩት። ስሙን ጠየቅኩት፣ ስሟን ጠየቅኩት፣ እሷንም አጎትሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ተቆጣ መሰለኝ፤ ይቆጣ። ወዲያው መናኸሪያው አፍ ላይ ያለው ባለሱቅ ከሶላት ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት አዴ ጫልቱን አይቶ ተጣራ። ዘይነባ መልእክት ትታለች ለካ። አያትየዋ ሲመጡ ልጅቷ እኔ ቤት ናት በላቸው ብላው ሄዳለች። እሱ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ መስጊድ ሄዷል። ነገሩ ይህ ብቻ ነበር።

ከገበያው ጀርባ ወዳለው ቤቷ በጋሪ ሄድን፤ ደራ አሁንም ጋሪ አለ። ግቢው በር የለውም፤ የቁልቋል አጥር ብቻ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው፣ መሬት ላይ። ቀና ስል ልጅህ ዘይቱን ዛፍ ላይ ናት። ባዶ እግሯን፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ ጉንጯ በዘይቱን ተወጥሮ፣ ከዘይነባ ልጆች ጋር ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እየተንጫጫች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። ምን እንዳልኩ አልነግርህም። ዘይነባ እጇን ከጎድጓዳ ሳህን አውጥታ እየጠረገች መጣች። አልተቆጣችም፤ ግራ ገባት እንጂ።

«አደራ ብለሽኝ የለ?» አለችኝ። «የሚቀበላት ሰው ሳላይ እንዴት መንገድ ላይ ጥያት ልሂድ?»

ክንዴ ላይ የዚያች የትንሿ ልጅ ላብ ገና አልደረቀም ነበር። ቀጥላ ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ሲፈንን እዚያው ቀን ይዣት ተመለስኩ። እናትህ ለመኑኝ፤ አንድ ሌሊት ብቻ አሉኝ። እምቢ አልኩ። የገብስ ጭኮ አዘጋጅተውላት ነበር፣ ቅቤው እንደምትወደው በዛ ተደርጎ፤ ምንም ሳይሉ ከነሳህኑ ጠቅልለው ሰጧት። እንደ ልጅነቴ አንድ ነገር ብለው ቢገስጹኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ውስጥ ሲፈን ጭኮውን ጭኗ ላይ ይዛ እስከ አዳማ ውጭ ውጭውን አየች። ከተማ ልንገባ ስንል ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ ነው የተናገረችው።

«እማ፣ እኔ እኮ አልጠፋሁም። የት እንዳለሁ አውቅ ነበር።»

ሳምንቱን ሙሉ ይህ ቃል ከኔ ጋር ሲንጎራደድ ሰነበተ። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ልጆቹን ቀስ በሉ ልል አፌን እከፍትና ይመጣል። ማታ ማታ እሷ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች፤ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ ተናድጄብህ ነበር። ምንም ሳትል ሄድክብኝ። ሌላው ሰው ሲሞት ልጄን አደራ ይላል፤ አንተ ኳሱ ስንት ለስንት ነው ብለኸኝ ነው ያለቀው። ስለዚህ አደራውን እኔው ለራሴ ሰጠሁ። አጥብቄ መያዝ መሰለኝ። ያን ቀን ግን የሰው ልጅ ይዤ ደራ ድረስ ሄድኩ፤ ሥራዬ መያዝ አልነበረም፣ ማድረስ ነበር። አጎቷ ሲመጣ እጄን ለቀቅኩ። የሰው ልጅ ሲሆን እንዴት እንደሚደረግ አውቄዋለሁ።

ፍርሃቴ ሄደ አልልህም፤ እኔን ታውቀኛለህ። ሙሉቀንም ከአዋሽ አልተመለሰም። ዘመኑም ያ ዘመን አይደለም፤ መንገዱን የሚያስፈራ ነገር ስንት እንደሆነ አንተ ካየኸው ወዲህ እንኳን ተጨምሯል። ግን ሐሙስ ማታ ሲፈንን አስቀምጬ የሶደሬውን ነገር እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጦጣው ላይ አላቆምኩም። ሙሉቀን ማን እንደነበር፣ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ እናቱ በየበራችን ምን ብለው እንደዞሩ ነገርኳት። አላለቀሰችም። አባ ለምን አልነገረኝም አለችኝ። እሱም ይፈራ ነበር አልኳት። ፈርተህ እንደነበር ያወቅኩት ለሷ ስናገረው ነው። አንተም በረንዳህን በይደህ ኖሯል ገሜ፤ በሳቅ ስለነበር አላየሁትም እንጂ።

ማግስቱን ቁጥሬን በቃሏ አስጠናኋት። የአኮዋንም። ከዚያ ልብሷን በቦርሳ አድርጊ አልኳት፤ ለአንድ ሌሊት አይደለም፣ ክረምቱን ሙሉ ነው አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ለማመን ስትጀምር ደግሞ ቦርሳው አልበቃ አላት።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ደርሰን በመስኮት ሰው መምረጥ ስጀምር ሲፈን ቀደመችኝ። አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና ሕፃኑን ማጫወት ጀመረች። ሴትየዋን አደራ ልላት ተጠጋሁ፤ ሴትየዋ ግን ቀድማኝ ልጅሽ ሕፃኑን ትያዝልኝ፣ ወገቤን ያመኛል አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ በላይ ምን ልበል? ደራ አያቷ አሉ፣ ዛሬስ ለቅሶም ቢሆን አይዘገዩም አልኳት። ሳቀች።

እኔ እቤት ነኝ። ዛሬም መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቤቱን ሁለቴ ጠርጌዋለሁ። አዴ ጫልቱ ከንጋት ጀምሮ መናኸሪያ ቆመዋል አሉ፤ ባለሱቁ ወንበር አውጥቶላቸዋል። ለሲፈን አልደወልኩም። ደርሳ ትደውልልኛለች፤ ካልደወለችም ረስታኝ ዛፍ ላይ ወጥታ ነው።

አንተን ስለማስታወስ ቃል ልግባልህ። እስካሁን ያስታወስኩህ ጥለኸን የሄድከውን ሁሉ ቆልፌ በመጠበቅ ነበር። ከእንግዲህ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፤ የምትስቀውንም የምትፈራውንም፣ ጆሮዬን ያስነጨኸውንም። ለሲፈን የዘለልካቸውን እኔ እነግራታለሁ፤ እኔ የማላውቃቸውን እናትህ ይነግሯታል። የሚቀረውን ራሷ ትደርስበታለች።

መኪናው ሲነሳ እጄን አውለበለብኩላት። ሕፃኑን አቅፋ እያጫወተች ነበር፤ ወደ ኋላ ዞራ አላየችኝም። አንተም እንዲሁ ነበርክ።

ያንተው ትዕግስት